የኮርንዎል የጸደይ ሰማይና የከርኔወክ ቃላቱ

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ በብሪታንያ ደቡብ ምዕራብ ጫፍ፣ በኮርንዎል፣ ቦድሚን ሙር ከሚባለው ገላጣ ደጋ አጠገብ ባለች ትንሽ ከተማ የሚኖሩ፣ በአረጋውያን መጦሪያ የሌሊት ተረኛ ሆነው የሚሠሩ ኢትዮጵያዊት እናት ናቸው። የ9 ዓመት ልጃቸው ከትምህርት ቤት «ስቴረን» የምትል ቃል ይዛ መጥታ፣ በአገሬው የጥንት ቋንቋ ኮከብ ማለት እንደሆነ ነግራቸዋለች። እሳቸውም በጸደይ ሌሊት ከዚያ ሆነው የትኞቹን ከዋክብት ማየት እንደሚችሉ፣ ከዋክብቱም በዚያ ቋንቋ ምን ምን እንደሚባሉ፣ ደግሞም አባቶቻችን በአውደ ነገሥት «ሐመል፣ ሠውር፣ ጀውዛ» እያሉ እንደሚቆጥሩት ያለ የራሳቸው የሆነ ዝርዝር ይኖራቸው እንደሆነ ጠይቀዋል።

እህቴ፣ የመጨረሻውን ጥያቄዎን አስቀድሜ ልመልስ፤ የቀረው ሁሉ በእሱ ላይ የሚቆም ነውና። ከርኔወክ፣ ባለቤቶቹ ቋንቋቸውን የሚጠሩት በዚህ ስም ነው፣ ከጥንት የወረደ የተሟላ የኅብረ ከዋክብት ስም ዝርዝር አላቆየልንም። ምክንያቱ ሕዝቡ ሰማዩን ሳያይ መኖሩ አይደለም፤ ዓሣ አጥማጅ፣ ቆርቆሮ ቆፋሪና ገበሬ ነበርና። ነገር ግን በቋንቋው ተጽፎ የተረፈው በአብዛኛው መንፈሳዊ ተውኔት፣ ስብከትና የቅዱሳን ታሪክ ሲሆን፣ የመርከበኛውና የገበሬው የሰማይ ወግ በቅጡ ሳይመዘገብ ቋንቋው ከአፍ ጠፋ። ስለዚህ ዛሬ በከርኔወክ ተጽፈው የሚያገኟቸው የኅብረ ከዋክብት ስሞች አብዛኞቹ ቋንቋውን ያስነሡት ሰዎች ከሌላ ቋንቋ የተረጎሟቸው ናቸው። ይህ ነውር የለበትም፤ ሕያው ቋንቋ ሁሉ እንዲህ ያደርጋል። ልጅዎን ሲያስተምሩ ግን መቶ ዓመታትን የተሻገረውን ቃልና በቅርቡ የተተረጎመውን ቃል ለይተው ቢነግሯት ይሻላል ብዬ አምናለሁ። የቆዩት ቃላት በቁጥር ጥቂት ቢሆኑም ለአንድ ሌሊት ሰማይ ይበቃሉ፤ ይህን ጽሑፍም በእነሱ ዙሪያ አዋቅሬዋለሁ።

ስለ ቋንቋው ታሪክ የሚያስፈልግዎት ያህል ብቻ ልበል። ከርኔወክ የዌልስና የብሪታኒ ቋንቋዎች ታናሽ እህት ናት። በማውዝል የዓሣ አጥማጆች መንደር ትኖር የነበረችውና በ1777 ያረፈችው ዶሊ ፔንትሬዝ በተለምዶ የመጨረሻዋ የአፍ መፍቻ ተናጋሪ ትባላለች። በ1904 ሄንሪ ጄነር የመማሪያ መጽሐፍ ካወጣ ወዲህ ቋንቋው ከጽሑፍ ወደ አፍ መመለስ ጀመረ፤ በ2002 የብሪታንያ መንግሥት በአውሮፓ የአናሳ ቋንቋዎች ቻርተር መሠረት ዕውቅና ሰጠው፤ በ2008 ደግሞ ይጣሉ የነበሩት የአጻጻፍ ወገኖች በአንድ የጋራ አጻጻፍ ተስማሙ። ልጅዎ ያመጣችው ቃል የደረሰባት በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ወደዚያች ቃል እንምጣ። በ12ኛው መቶ ዓመት ገደማ የተጻፈ፣ ዛሬ ለንደን በብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት የሚገኝ አንድ የላቲንና የጥንት ከርኔወክ የቃላት መዝገብ አለ። የመዝገቡ አካሄድ እንደ ሥነ ፍጥረት ነው፦ ከሁሉ አስቀድሞ ሁሉን ቻይ የሆነውን እግዚአብሔርን ይጠራል፣ ቀጥሎ ሰማይን፣ ቀጥሎ መላእክትን፣ ከዚያም ኮከብን፣ ፀሐይንና ጨረቃን። በላቲኑ የኮከብ ቃል ትይዩ ጸሐፊው ያሰፈረው «ስቴረን» ብሎ ነው። ዛሬ በልጅዎ ደብተር ላይ የተጻፈችው ቃል በፊደሏ እንኳ አንዲት ሆሄ አልተለወጠችም። ፀሐይ «ሃውል»፣ ጨረቃ «ሎር» የሚባሉትም ከዚያው መዝገብ ይገኛሉ፤ የእነሱ አጻጻፍ ግን በጊዜ ብዛት ጥቂት ተለውጧል። ይህን ገጽ ለመጀመሪያ ጊዜ በቅጂ ሳየው ልቤ እንደተነካ አስታውሳለሁ፤ ዳዊትን በብራና የጻፈ የአገራችን ደብተራ እጅ ትዝ ብሎኝ ነበር።

መዝገቡ ለሰማይ የሰጠው ቃል ዛሬ «ኔቭ» የምንለው ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። እኛ «በሰማያት የምትኖር» ስንልም «ሰማዩ ደመነ» ስንልም ቃላችን አንድ ነው፤ ከርኔወክ ግን ሁለቱን ይለያቸዋል። ኔቭ የእግዚአብሔር ማደሪያ፣ የጸሎቱ ሰማይ ነው፤ ደመና የሚያልፍበት፣ ከዋክብት የሚታዩበት፣ ቀና ብለን የምናየው ሰማይ ደግሞ «ኤብሮን» ነው። ስለዚህ ልጅዎ ውጭ ቆማ ጣቷን ስትቀስር የምትጠራው ኤብሮንን ነው።

ስቴረን የምትለው ቃል ሌላም ነገር ታስተምራለች። በአማርኛ ከነጠላው ተነሥተን «ዎች» ብለን እናበዛለን፤ ከርኔወክ በአንዳንድ ቃላት የሚሄደው በተገላቢጦሽ ነው። መነሻው ብዙው ነው፦ «ስቴር» ማለት ከዋክብት ማለት ሲሆን፣ ከዚያ ውስጥ አንዷን ለይቶ ለመጥራት መጨረሻ ላይ «ኧን» የሚል ድምፅ ይጨመርና «ስቴረን» ይሆናል። ለእኛ የሚቀርበው ምሳሌ ጤፍ ነው። ጤፍ ስንል ክምሩን ማለታችን ነው፤ አንዷን ስንፈልግ «አንዲት ቅንጣት ጤፍ» እንላለን። ስቴር እንደ ጤፍ ነው፣ ስቴረን እንደ ቅንጣቷ። ደመናም እንዲሁ ነው፤ «ኮሞል» የሰማዩ ደመና በሙሉ፣ «ኮሞለን» ደግሞ ብቻዋን የምትንሳፈፍ አንዲት ደመና ናት። ኮርንዎል በሦስት ወገን ባሕር የከበበው ምድር በመሆኑ ኮሞል የሚለውን ቃል ከስቴር አስቀድመው እንደሚለማመዱት እርግጠኛ ነኝ። ጉም ደግሞ «ኒውል» ነው፤ በሙሩ ላይ ሳይታሰብ ይወርዳልና ቃሉን መያዝ ደግ ነው።

ሌላው ጀማሪን ግራ የሚያጋባው የቃል መነሻ ድምፅ መለዋወጥ ነው። ኮከብ፣ ጨረቃ፣ ሌሊትና የምናየው ሰማይ (ኤብሮን) በከርኔወክ ሁሉም በአንስታይ ፆታ የሚነገሩ ናቸው፤ ፀሐይ ብቻ ተባዕታይ ነው፣ እኛ «ፀሐይ ወጣች» ከምንለው ተቃራኒ። ከአንስታይ ስም በኋላ የሚመጣ ቅጽል የመጀመሪያ ድምፁ ይላላል። ጨለማ የሆነ ነገር «ቴውል» ይባላል፤ ጨለማ ሌሊት ግን «ኖዝ ዴውል» ነው። ነጭ «ግዊን» ነው፤ ነጭ ኮከብ ግን «ስቴረን ዊን»። ጥርት ያለ «ክሌር» ነው፤ ጥርት ያለ ሰማይ ደግሞ «ኤብሮን ግሌር»። ልጅዎ «ዴውል» የሚለውን ቃል በመዝገበ ቃላት ፈልጋ አጣሁት ብትልዎት፣ በመጀመሪያው ድምፁ በ«ቴውል» ሥር እንድትፈልግ ይንገሯት። ይህን አንድ ሕግ የያዘ ልጅ ከቋንቋው ግማሹን ፍርሃት አራግፏል።

ከመውጣታችን በፊት አንዲት ቃል ብቻ ልጨምር፤ ከሁሉ የምወዳት እሷን ስለሆነ ነው። በመካከለኛው ዘመን በከርኔወክ የተጻፉ ሦስት ተያያዥ መንፈሳዊ ተውኔቶች አሉ። የመጀመሪያው ከሥነ ፍጥረት ይነሣል፤ በአራተኛው ቀን የተፈጠሩትን ብርሃናት ሲጠራም ፀሐይን፣ ጨረቃንና «ስቴርጋን»ን ይጠራል። ስቴርጋን ስቴር ከሚለውና ብሩህ ንጣትን ከሚያመለክተው «ካን» ከሚለው የተዋቀረ ነው፤ የከዋክብት ብርሃን ማለት ነው። ጨረቃ በሌለበት ሌሊት፣ መብራት በማይደርስበት ሜዳ ላይ ቆመው የራስዎን እጅ በከዋክብቱ ብርሃን ብቻ ማየት ሲችሉ፣ ያ ብርሃን ስቴርጋን ነው። ተውኔቶቹ ይታዩ የነበሩት «ፕሌን አን ግዋሪ» በሚባል ክብ የአፈር ደረጃ በከበበው ሜዳ ላይ፣ ከሰማይ በታች ነበር። የዚህ ዓይነቱ ሜዳ በሴንት ጀስት ከተማና በፔራንፖርት አቅራቢያ ዛሬም አለ።

ስለ ጊዜውና ስለ ቦታው ልናገር። ጸደይ፣ በከርኔወክ «ግዌንቶን»፣ በእኛ ዘንድ ለብዙ ሰው አደይ አበባ የሚፈነዳበትን መስከረምን ያስታውሳል፤ እዚህ ግን የምናገረው ስለ ማርች፣ ኤፕሪልና ሜይ ነው። ወራቱ «ሚዝ ሜርዝ»፣ «ሚዝ ኤብሬል» እና «ሚዝ ሜ» ይባላሉ። ከሁሉ የተመቸው ኤፕሪል ነው። በማርች የመጨረሻ እሑድ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ወደፊት ይገፋል፤ በዚያ ላይ ኮርንዎል ከለንደን በስተ ምዕራብ ስለሆነ ጨለማው ዘግይቶ ይደርሳል። ደግሞም በአዲስ አበባ ፀሐይ ወደ አድማስ ቀጥ ብላ ስለምትወርድ ቶሎ ይጨልማል፤ ኮርንዎል ግን በ50 ዲግሪ ኬክሮስ ላይ ስላለ ፀሐይ አግድም እየተንሸራተተች ትገባለች፣ የምሽቱ ወጋገንም ይረዝማል። በኤፕሪል አጋማሽ ፀሐይ ከምሽቱ 2 ሰዓት ጥቂት አለፍ ሲል ትጠልቃለች፤ ሙሉ ጨለማ የሚሆነው ግን ከ4 ሰዓት በኋላ ነው። ስልክዎ 22:30 ሲል፣ በእኛ አቆጣጠር ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል፣ ሰማዩ ዝግጁ ነው። ከሜይ የመጨረሻ ሳምንት ጀምሮ ግን ፀሐይ ከአድማስ በታች 18 ዲግሪ ስለማትወርድ ሙሉ ጨለማ እስከ ጁላይ አጋማሽ አይመጣም። ስለዚህ አያዘግዩት።

በቦታ ረገድ ዕድለኛ ነዎት። ቦድሚን ሙር፣ በከርኔወክ «ጎን ብሬን»፣ በ2017 ዓለም አቀፍ የጨለማ ሰማይ ምድር ተብሎ ተሰይሟል፤ በምዕራብ ጫፍ ያለው ዌስት ፔንዊዝም በ2021 ተመሳሳይ ማዕረግ አግኝቷል። እኔ የምመርጠው ሚንየንስ የምትባለውን መንደር ነው። ከመንደሯ ጥቂት እርምጃ ርቀው ሦስት ጥንታዊ የድንጋይ ክበቦች ይገኛሉ፤ የአገሬው ሰው በእሑድ ቀን ኳስ ሲጫወቱ ወደ ድንጋይነት የተለወጡ ሰዎች ናቸው ይላቸዋል። አንድ የኤፕሪል ሌሊት በዚያ ቆሜ፣ የመኪናዬ ጣሪያ ውርጭ እየያዘ፣ ከአንዱ ድንጋይ ጫፍ ላይ የወጣች የምትመስል አንዲት ሰማያዊ ነጭ ኮከብ አየሁ፤ ስለ እሷ ወደ ኋላ እናገራለሁ። ከልጅ ጋር ሲሄዱ ከመንገድ አይራቁ፤ ሙሩ ረግረግና አሮጌ የማዕድን ጉድጓድ አለበት። ወፍራም ካፖርትና የሱፍ ካልሲ ያስፈልጋል። ዓይን ጨለማውን በደንብ ለመልመድ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል፤ አንድ ጊዜ የስልክ ነጭ ብርሃን ከነካው ሥራው ከመጀመሪያው ይጀምራል። ቀይ ብርሃን፣ «ጎሎው ሪዝ»፣ ብቻ ይጠቀሙ።

አሁን ቀና ይበሉ። በኤፕሪል ምሽት ከአናትዎ ብዙም ሳይርቁ ሰባት ብሩሃን ከዋክብት ያያሉ። በብሪታንያ ሕዝቡ ማረሻ ይላቸዋል። ማረሻ በከርኔወክ «አራደር» ነው፣ ይህም ቃል በዚያው የ12ኛው መቶ ዓመት መዝገብ ውስጥ አለ። አራደር አራሽ ከሚለው ቃላችን ጋር በድምፅ መቀራረቡ ደስ ያሰኛል፤ ነገር ግን የአጋጣሚ ነው፤ የእኛው ሥር በግዕዝ «ሐረሰ» ነው። አራቱ ከዋክብት እንደ ማረሻው አካል፣ ሦስቱ ደግሞ እንደ ተቆለመመ ሞፈር ናቸው። ከሦስቱ መካከለኛዋን አተኩራችሁ እዩ፤ አጠገቧ ደብዘዝ ያለች ሌላ ኮከብ አለች። ትልቋ ሚዛር፣ ትንሿ አልኮር ይባላሉ፤ ሁለቱን ለይቶ ማየት ከጥንት ጀምሮ የዓይን መፈተኛ ነው። ልጅዎ ከእርስዎ በፊት ታያታለች።

ይህ ማረሻ በአዲስ አበባ ሰማይም አለ፤ አቋሙ ግን ሌላ ነው። በዚያ በሰሜን ዝቅ ብሎ ይታይና ከአድማስ በታች ይገባል፤ ከፍተኛዋ ኮከቡ እንኳ ከ50 ዲግሪ በላይ አትወጣም። በኮርንዎል ግን ዓመቱን ሙሉ አይጠልቅም። ከአካሉ ዳርቻ ያሉትን ሁለት ከዋክብት አያይዘው የሚወጣ መስመር በርቀታቸው አምስት እጥፍ ያህል ቢያስረዝሙ የሰሜን ኮከብ ላይ ይደርሳሉ። በአዲስ አበባ ይህች ኮከብ ከአድማስ 9 ዲግሪ ያህል ብቻ ከፍ ስለምትል በእንጦጦ ግርጌ ለሚኖር ሰው ተራራው ሊጋርዳት ይችላል፤ በሚንየንስ ግን 50 ዲግሪ ላይ ጸንታ ትቆማለች። ከፍታዋ ከቆሙበት ኬክሮስ ጋር እኩል ነው፤ መርከበኞች የባሕር መንገዳቸውን የለኩት በዚህ ነው። ስለ ሰሜን ካነሣን፣ በከርኔወክ «ክሌዝ» ግራ ማለትም ሰሜን ማለትም ነው፤ ቀኝና ደቡብም እንዲሁ በአንድ ቃል ይጠራሉ። ፊቱን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ ፀሐይ መውጫ አዙሮ የቆመ ሰው የፈጠረው ቋንቋ ነው። ልጅዎን ፊቷን ወደ ምሥራቅ አዙረው ቢያቆሟት ቃሉን ዳግመኛ አትረሳውም።

የሞፈሩን ቅልመማ ተከትለው ወደ ምሥራቅ ቢወርዱ አርክቱሩስን ያገኛሉ። ከሰማይ ወገብ በስተ ሰሜን ካሉት ከዋክብት ሁሉ ብሩኋ እሷ ናት፤ ከእኛ 37 የብርሃን ዓመት ያህል ትርቃለች። ቀለሟን ልብ ይበሉ። ቀይ «ሪዝ»፣ ቢጫ «ሜለን» ነው፤ ብርቱካናማ ቀለም የሁለቱ ጥምር ሆኖ «ሪዝቬለን» ይባላል። አርክቱሩስ ስቴረን ሪዝቬለን ናት። ያንኑ ቅልመማ ሳያቋርጡ ወደ ደቡብ ምሥራቅ ቢቀጥሉ ያቺ በድንጋዩ ጫፍ ላይ ያየኋት ኮከብ ትመጣለች፤ ስሟ ስፓይካ ነው። ስፓይካ በላቲን የእህል ዛላ ማለት ነው፤ እሷ ያለችበትን ኅብረ ከዋክብት አውደ ነገሥት ሰንቡላ ይለዋል፤ ሰንቡላም በዓረብኛ የእህል ዛላ ነው። ስለዚህ እርስዎ ከቤትዎ ይዘውት የመጡት ቃል በዚህ ቦታ ከላቲኑ ጋር አንድ ነገር ይናገራል። ለቀለሟ ከርኔወክ «ግላዝ» የሚል ሰፊ ቃል አለው፤ ሰማያዊውንም፣ የሣሩን አረንጓዴም፣ ግራጫማውንም ባሕር በአንድ ያቅፋል። ስፓይካን በዚህ ቃል መጥራት ያረካኛል፤ ሰማያዊነቷ ራሱ አንዴ ሲታይ አንዴ ሲሰወር እንዲሁ በመካከል ያለ ነውና።

ከስፓይካ በስተ ቀኝ ዝቅ ብለው አራት ከዋክብት ዘመም ያለች ሳጥን ሠርተው ይታያሉ። በጥንቶቹ ግሪኮችና ሮማውያን ዘንድ ቁራ ነው፤ ቁራ በከርኔወክ «ብራን» ነው። ወደ ደቡብ ከፍ ብለው ደግሞ ትልቁን የጸደይ ኅብረ ከዋክብት፣ አንበሳውን፣ ያገኛሉ። አውደ ነገሥት አሰድ ይለዋል፤ አንበሳ በከርኔወክ «ሌው» ነው። ራሱና ጋማው በግልባጭ እንደተጻፈ የጥያቄ ምልክት ሲሆን፣ ከሥሩ ያለችው ብሩህ ኮከብ ሬጉሉስ ናት፤ በኤፕሪል አጋማሽ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ከደቡብ ጥቂት ወደ ምዕራብ አለፍ ብላ ትቆማለች። በአዲስ አበባ ይህች ኮከብ ከአናት ላይ ታልፋለች። ከሌው እስከ ስፓይካ ያለው ክፍል ለዓይን ባዶ ይመስላል፤ ይህ ባዶነት ግን የጸደይን ሰማይ ከሌላው ወቅት ሁሉ የሚለየው ነው። በዚህ ወቅት በምሽት የምንመለከተው ከራሳችን የከዋክብት ጭፍራ (ጋላክሲ) ወለል ውጭ፣ ወደ ላይ፣ በኮከብም በአቧራም በማይጋረድ አቅጣጫ ነው። በዚያ በኩል ወደ 54 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ከአንድ ሺህ በላይ ጋላክሲዎች የተሰበሰቡበት የሰንቡላ ክምችት አለ። በዓይን አይታይም፤ መካከለኛ ቴሌስኮፕ ያለው ሰው ግን እንደ ጭስ ነጠብጣብ ሆኖ ያገኘዋል። ለልጅ ቴሌስኮፕ አሁኑኑ እንዲገዙ አልመክርም፤ ጥሩ የእጅ መነጽር ይበቃል፤ ከሌው በስተ ምዕራብ ያለውን፣ ለዓይን እንደ ጉም፣ በመነጽር እንደ ንብ መንጋ የሚታየውን የከዋክብት ክምችት በእሱ ታያለች።

ለፕላኔቶች አንድም አዲስ ስም ማጥናት አያስፈልጋትም፤ የሳምንቱን ቀናት ከያዘች ይዛቸዋለች። ይህን ነገር ማንም ሳይነግረኝ ዓመታት ማለፋቸው ዛሬም ይቆጨኛል። ሮማውያን ቀናቱን በሰባቱ ተንቀሳቃሽ ብርሃናት ሰይመው ነበር፤ እንግሊዝኛው ከእነዚህ አብዛኞቹን በጀርመናዊ አማልክት ስም ሲተካ ከርኔወክ ግን ሁሉንም ጠብቋል። ሰኞ «ዴ ሉን» የጨረቃ ቀን ነው። ማክሰኞ «ዴ ሜርዝ» የማርስ፣ ረቡዕ «ዴ ሜርሄር» የሜርኩሪ፣ ሐሙስ «ዴ ዮው» የጁፒተር፣ ዓርብ «ዴ ግዌነር» የቬኑስ፣ ቅዳሜ «ዴ ሳዶርን» የሳተርን፣ እሑድ «ዴ ሱል» የፀሐይ ቀን ናቸው። «ዴ» ቀን ማለት ነውና እሱን ሲያነሡ የፕላኔቱ ስም ይቀራል። ከዚህ በላይ የሚያስደንቀው «ሜርዝ» ነው፤ አንድ ቃል ሆኖ ፕላኔቱንም፣ ማክሰኞንም፣ የማርች ወርንም ይጠራል። በየዓመቱ ፕላኔቶቹ ቦታቸውን ስለሚለውጡ የት እንዳሉ እዚህ ልጽፍልዎ አልችልም፤ ስቴላሪየም የሚባለው የስልክ ፕሮግራም ለዕለቱ ያሳይዎታል። ብርሃኗ ሳይርገበገብ ጸንታ የምትታይ ብሩህ «ኮከብ» ካዩ ግን ብዙውን ጊዜ ፕላኔት ናት። ቬኑስ ከንጋት በፊት ስትወጣ፣ እኛ የአጥቢያ ኮከብ የምንላት፣ በከርኔወክ «ቦርለወን» ትባላለች።

ጨረቃን በተመለከተ፣ ከዋክብትን ለማየት «ሎር ኖወዝ»፣ ማለትም አዲስ ጨረቃ፣ የሆነችበትን ሳምንት ይምረጡ። «ሎር ሌውን»፣ ሙሉ ጨረቃ፣ ስቴርጋንን ታጠፋለች። ነገር ግን የጸደይ ሙሉ ጨረቃ የራሷ ክብር አላት፤ የፋሲካ ቀን የሚሰላው በእሷ ነውና። በከርኔወክ ፋሲካ «ፓስክ» ነው፤ የእኛም የእነሱም ቃል ከአንዱ የዕብራይስጥ ቃል፣ ከፔሳሕ፣ የወረደ ነው። በዓሉን የምናከብርበት ቀን በብዙ ዓመታት ቢለያይም ቃሉ አልተለያየም።

በኤፕሪል 22 ገደማ ደግሞ ሊሪድስ የሚባለው የተወርዋሪ ከዋክብት ዝናብ አለ። በ1861 ከታየች አንዲት ጅራታም ኮከብ የተበተነ ትቢያ ከባቢ አየራችን ውስጥ ሲገባ የሚነድ ነው። በጥሩ ጨለማ ውስጥ በሰዓት ከ10 እስከ 18 ያህል ሊታዩ ይችላሉ፤ በዓይን የምትቆጥሩት ግን ከዚህ ቢያንስ አትዘኑ። ልጅዎ አንዷን ስታይ «ማ ስቴረን ኦው ኮዳ» ብላ ብትጮህ፣ አንዲት ኮከብ እየወደቀች ናት ማለቷ ነው። ሌሎች ለመጀመሪያ ሌሊት የሚሆኑ ሁለት ዓረፍተ ነገሮች ልስጥዎ፦ «ፕሌማ አን ሎር?» ጨረቃ የት አለች? ለሚለው ሲሆን፣ «ሚ ኣ ዌል ስቴረን» ደግሞ ኮከብ አያለሁ ማለት ነው። አነጋገሩን እኔ በፊደላችን የቻልሁትን ያህል አቀረብሁት እንጂ «ዝ» ብዬ የጻፍሁት በአንዳንድ ቃል ላይ ምላስን በጥርስ መካከል አድርጎ የሚወጣ ድምፅ ስለሆነ፣ ትክክለኛውን ከአስተማሪዋ አፍ ትስማ።

እግረ መንገድዎን፣ ከሙሩ በስተ ምሥራቅ ላንኢስት በምትባል መንደር አጠገብ በአንድ እርሻ ቤት በ1819 ጆን ኩች አዳምስ ተወልዷል። የዩራነስን የመንገድ መዛነፍ በወረቀት ላይ አስልቶ ገና ያልታየ ፕላኔት መኖሩን ከተነበዩት ሁለት ሰዎች አንዱ እሱ ነው፤ ኔፕቱን በ1846 በበርሊን የተገኘችው በሌላው፣ በፈረንሳዊው ለቬሪየ ስሌት ተመርተው ነበር። እርሻ ላይ ያደገ የዚያ አገር ልጅ እስከዚህ መድረሱን ልጅዎ ብትሰማ እወዳለሁ።

በመጨረሻ ስለ ሥራዎ። የሌሊት ተረኛ መሆንዎን እንደ እንቅፋት ጽፈውልኛል፤ ለዚህ ጉዳይ ግን እርስዎ ከብዙዎቻችን ይሻላሉ። በኤፕሪል አጋማሽ ከሌሊቱ 10 ሰዓት አልፎ፣ በአገሩ ሰዓት 04:00 ገደማ፣ ለእረፍት ወደ ጓሮ ብቅ ሲሉ ሰማዩ ከምሽቱ ፈጽሞ የተለየ ሆኖ ይጠብቅዎታል። አራደር ወደ ሰሜን ምዕራብ አዘቅዝቋል፤ አርክቱሩስ በምዕራብ በኩል ናት፤ ከፍ ብላ በምሥራቅ የምትታየው ብሩህ ስቴረን ዊን ቬጋ ናት፣ የበገናው ኅብረ ከዋክብት ኮከብ። በገና በከርኔወክ «ቴለን» ነው። ከቬጋ በታች በምሥራቅ በኩል ፍኖተ ሐሊብ እየወጣ ነው፤ የሕንፃውን መብራት በጀርባዎ አድርገው፣ እጅዎን በግንባርዎ ላይ ጋርደው አሥር ደቂቃ ከቆሙ ያዩታል። ጠዋት ቤት ሲደርሱ ልጅዎ ለትምህርት ቤት ስትነሣ፣ ቴለንን እሷ ተኝታ ሳለ እንዳዩት ይንገሯት፤ እሷም በምሽት ያየችውን ሌው ትንገርዎ።